በአበል ያወቅኳት ሐዋሳ

«ሐዋሳን አውቃታለሁ» ብዬ ያላወራሁበት ቦታ የለም። ሰርግ ላይ አውርቻለሁ፣ ለቅሶ ቤት አውርቻለሁ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስሙን ለማላውቀው ሰው ሁሉ አውርቻለሁ። «ሐዋሳ? እሷማ ሁለተኛ ቤቴ ናት!» እላለሁ፤ ከዚያ አንገቴን ትንሽ ዘንበል አድርጌ፣ ትዝታ እንደመጣበት ሰው ዝም እላለሁ። ዋናው ዝምታው ነው። ዝም ካላልኩ ሰው ይጠይቀኛል፤ ከጠየቀኝ ደግሞ ጉድ ይፈላል።

እውነቱን ልናገር። ሐዋሳን የማውቃት በአበል ነው። የአቅም ግንባታ ስልጠና፣ የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ፣ የአፈጻጸም ግምገማ፤ መሥሪያ ቤታችን ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ማሰብ ባማረው ቁጥር መኪናው አፍንጫውን ወደ ሐዋሳ ያዞራል። የምንሰበሰብበት አዳራሽ ከሐይቁ መቶ እርምጃ አይርቅም። ፕሮጀክተሩ እንዲታይ ግን መጋረጃው ይዘጋል። ስለዚህ የሐዋሳን ሐይቅ ለዓመታት ያየሁት በሁለት መጋረጃ መካከል በቀረች ስንጥቅ ነው፤ ያውም አስተባባሪው «ወደ ቡድን ውይይት እንግባ» እስኪል ድረስ። ማታ እንዳላየው ደግሞ ሐይቁ ጨለማ ነው። ቢራው ያለበት በኩል ግን መብራት አለ።

እንዲህም ሆኖ እውቀት የለኝም አልልም። የትኛው ሆቴል በሻይ እረፍት ሳምቡሳ እንደሚያቀርብ፣ የትኛው በደረቅ ኩኪስ እንደሚሸኝ፣ የትኛው አዳራሽ ከኋላ በኩል ለእንቅልፍ የሚመች ምሰሶ እንዳለው ጠይቁኝ። በዚህ ዘርፍ የሚስተካከለኝ የለም።

ጉዴ የወጣው በባለቤቴ አክስት ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እኚህ ሴት ለሐዋሳ ገብርኤል ስለት ነበረባቸው፤ ወርቀ ዘቦ ዣንጥላ። «ሐምሌ 19 ለንግሡ ማን ይወስደኛል?» ብለው ሰኔ ላይ ሲጠይቁ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ሁለተኛ ቤቴ ናት ያልኩት እኔ ነኛ። «አታስቡ፣ ሰው አለኝ» አልኩ።

ሰው የለኝም። የነበረኝ የአንድ እንግዳ ተቀባይ ስልክ ቁጥር ነው። ሐምሌ ሲጋመስ ደወልኩለት፤ ያነሳችው ሴትዮ ቁጥሩን ከገዛች ዓመት እንዳለፋት በትሕትና ነገረችኝ። ለገብርኤል ንግሥ ሐዋሳ ውስጥ አልጋ ቀደም ብሎ እንደሚያልቅ ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ የተረዳሁት ሐምሌ 17 ነው።

«ወደ ነሐሴ እናዙረው፤ ግርግሩም ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይረክሳል» አልኩ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ያሰብኩበት መስዬ።

«ነሐሴ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለች ባለቤቴ።

«ክረምት።»

ክረምት ብቻ አይደለም፤ ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15። እትዬ ፍልሰታን የሚጾሙት እንደ እኔ ሥጋ ብቻ ትተው አይደለም፤ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃም አይቀምሱ። አሳ ጾም አይገድፍም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔም ከነሱ ወገን ነኝ፣ በተለይ አሳው ፊቴ ከቀረበ። እትዬ ከነሱ ወገን አይደሉም። እንግዲህ የአሳ ከተማ ላስጎበኛቸው ይዣቸው የሄድኩት በዚህ ጊዜ ነው።

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አንደበቴ እስከ ሻሸመኔ አላረፈም። ስለ ዝዋይ አብራራሁ፣ ስለ ሽንኩርቱ አብራራሁ፣ ስለ ሐብሐቡ አብራራሁ። ልጄ «አባዬ፣ ሐዋሳን ማን ነው የቆረቆራት?» ስትለኝ ትንፋሽ እንኳ ሳልወስድ «ምኒልክ» አልኩ። ምኒልክ ማለት ባላወቅኩ ቁጥር የሚያድነኝ መልስ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል።

እትዬ መስኮቱን እያዩ፣ «አባቴ ይርጋለም ይሠሩ በነበረ ጊዜ የሲዳሞ ዋና ከተማ ይርጋለም ነበር። ሐዋሳ የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ከብት የሚጠጣበት ሐይቅ ነበር» አሉ። ዝም ብለው አሰቡና «እኔ እበልጣታለሁ» ብለው ጨመሩ። በ1950ዎቹ የተቆረቆረች ከተማ መሆኗን በኋላ ስልኬ ላይ ሰርቄ አየሁ። እትዬ በእርግጥ ይበልጧታል። ደግሞስ ልጅነታቸውን እዚያ አካባቢ ያሳለፉ ሰው ይህን ሁሉ መንገድ የእኔን ማብራሪያ ዝም ብለው የሰሙት ለምንድነው? እስካሁን ይከነክነኛል።

ከተማው ስንገባም አላረፍኩም። ባጃጅ ውስጥ ለልጆቹ «አሁን የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ውስጥ ናችሁ» ብዬ ሳውጅ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «ጋሼ፣ ሲዳማ ክልል ከሆነ እኮ ቆየ። ሕዝበ ውሳኔው 2012 ላይ ነው» አለ፣ በጣም በጨዋ ድምፅ። ቤቴ ካሉት የስልጠና ቦርሳዎች አብዛኞቹ ላይ «ደቡብ» ነው የሚለው። ጥፋቱ የቦርሳዎቹ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ስለቱ። እዚህ ላይ የማወራው ብዙ የለኝም፣ ተኝቼ ነበር። እትዬ ሌሊት ተነስተው፣ ማንንም ሳይቀሰቅሱ፣ ባጃጅ ይዘው ገብርኤል ሄደው፣ ኪዳን አድርሰው፣ ዣንጥላቸውን አስገብተው፣ ጠበላቸውን ይዘው ተመልሰዋል። እኔ ከክፍሌ ስወጣ ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። «የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ላሳይዎት ነበር» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

ከዚያ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ሄድን። አሳ አጥማጆቹ ሌሊት የጣሉትን መረብ በጠዋት አውጥተው፣ ጀልባቸውን ዳር አስጠግተው ያራግፋሉ፤ አሳ ገፋፊዎቹ ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ከመሬት ከፍ ሳያደርጉ ቅርፊቱን አራግፈው፣ ቆዳውን ገፍፈው፣ እኔ አንድ ሽንኩርት በምልጥበት ጊዜ አሥር አሳ ይጨርሳሉ። አጥንቱና ሆድ ዕቃው ወደ ጎን ይወረወራል። እሱን ሊበሉ ደግሞ እነዚያ ራሰ በራ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሱ የሚመስሉ ረጃጅም ወፎች በሰልፍ ቆመዋል።

«አባዬ፣ ይሄ ወፍ ምንድነው?»

«ፔሊካን» አልኩ።

አሳ የሚገፍፈው ልጅ ቢላውን አቆመ። «አባ ኮዳ ነው፣ ጋሼ።»

«የፔሊካን ዘመድ ማለቴ ነው።»

«እግሩ ለምንድነው ነጭ የሆነው?» ልጄ አትተወኝም፤ በማን እንደወጣች አላውቅም። እዚህ ጋ ዝም ማለት እችል ነበር። ሌላ ሰው ዝም ይል ነበር። እኔ ግን «እሱ ቀጭን ነጭ ላባ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውሃው ስለሚበርድ ካልሲ ይሆነዋል» አልኩ። ልጁ ሳቁን ሊውጥ ሞከረና አቃተው። «ኩስ ነው፣ ጋሼ! ራሱ እግሩ ላይ ይለቅበታል!» በኋላ ሳነብ ልጁ ልክ ነው። አባ ኮዳ ሙቀት ሲበዛበት እግሩ ላይ ኩሱን እየለቀቀ ይቀዘቅዛል፤ እግሩ የሚነጣውም ለዚህ ነው። ልጄ ይህን እውቀት መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ወስዳ፣ ምንጩን ሳትደብቅ፣ «አባቴ ግን ካልሲ ነው ብሎኝ ነበር» ብላ ለክፍሉ በሙሉ አካፍላዋለች።

የተበላሸብኝን ስም ላድስ ብዬ ከአባ ኮዳው ጎን ቆሜ ፎቶ ልነሳ ተጠጋሁ። ከሩቅ ሲታይ ትሑት ወፍ ነው። ከቅርብ ግን ደረቴ ጋ ይደርሳል። «ፈገግ በል» ስትለኝ ባለቤቴ ወፉ ክንፉን ዘረጋ። የአባ ኮዳ ክንፍ ከጫፍ ጫፍ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ይህን ማወቅ የነበረብኝ ቀደም ብዬ ነው። ወደ ኋላ ሸሸሁ። ከኋላዬ የነበረው የአሳ ሆድ ዕቃ ክምር ነው። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነው የገባሁት፤ ከዚያ በላይ አይደለም። ወፎቹ ጫማዬን በታላቅ አክብሮት ተከትለውት ነበር።

እንዲህ የሆነ ሰው ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። እኔ ጥሬ አሳ አዘዝኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ያዘነልኝ ይመስለኛል፣ «ጋሼ፣ የተጠበሰ ላምጣ ወይስ ሾርባ?» አለ። ጥሬውን አላነሳውም። አለማንሳቱ አናደደኝ። አጠገባችን የተቀመጡ የከተማው ጎረምሶች ጥሬ አሳ በዳጣ እየጠቀለሉ እንደ ዋዛ ይጎርሳሉ። «ጥሬውን አምጣ እንጂ» አልኩ፤ «ሐዋሳ ስመጣ ሌላ በልቼም አላውቅ።» እውነትም አላውቅም፤ ሌላውንም ይሄንንም። ስልጠና ላይ የሚቀርበው ሩዝና ዶሮ ነው።

አሳው እንኳን ደህና ነበር። ለስላሳ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ገና ከውሃው መውጣቱ ነው። ያላወቅኩት የዳጣውን መጠን ነው። ጎረምሶቹ ጫፉን ብቻ እንደሚነኩ አላስተዋልኩም፤ እኔ እንደ አይብ ዘገንኩት። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። «ይሄ ነው ዳጣ?» ለማለት ሁሉ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ መጣ። ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ሰማሁ። ዓይኔ፣ አፍንጫዬ፣ ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ ያላለቀስኩበት በደል ሁሉ አንድ ላይ ፈሰሰ።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ነው።»

እትዬ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ ከነጠዋት ረሃባቸው ራቅ ብለው ተቀምጠው ነበር። አዩኝና «አልቅስ ልጄ፣ አልቅስ። ፍልሰታ የንስሐ ጊዜ ነው» አሉ።

ሾርባው በነፍስ ደረሰልኝ። የአሞራ ገደል የአሳ ሾርባ የሞተ ያስነሳል ይባላል፤ ይህኛውን እኔ ራሴ መመስከር እችላለሁ።

ጦጣዋ ስለወሰደችብኝ መነጽር በዝርዝር አልናገርም። ሙዝ ሰጥተን አስመለስን። የሙዙን ዋጋ የተመነው አንድ ትንሽ ልጅ ሲሆን እሱና ጦጣዋ አብረው እንደሚሠሩ ጥርጣሬ አለኝ።

ጀልባው ላይ ግን ልቆይ። ውሃ እፈራለሁ። ይህን ባለቤቴ ከጋብቻችን በፊት አታውቅም ነበር፤ አሁንም የምታውቀው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ላይፍ ጃኬቱን ገና ዳር ላይ፣ ስለ ዋጋው ሳንስማማ ለብሼ አሰርኩት። እንዲህ ታስሮ የሚከራከር ሰው ዋጋ ማስቀነስ እንደማይችል ያኔ ተማርኩ። ባለጀልባው ያለውን ከፈልኩ።

ሐይቁ መሃል ስንደርስ ልጄ እጇን ውሃው ውስጥ እየነከረች፣ «አባዬ፣ ይሄ ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች።

በሕይወቴ «አላውቅም» ለማለት ከዚያ የተሻለ ዕድል አልነበረኝም። «ዞሮ ዞሮ አባይ ነው የሚገባው» አልኩ።

ሞተሩን የያዘው ሰውዬ ሞተሩን አጠፋው። ለዚህ መልስ ጸጥታ ያስፈልጋል ብሎ መሆን አለበት። «ጌታዬ፣ ይሄ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከሱ የሚወጣ ወንዝ የለም» አለ። «ታዲያ ለምን አይሞላም?» አለች ልጄ፣ ከእንግዲህ ወደ እኔ ሳትዞር። «ፀሐይ ይወስደዋል፤ መሬቱም ይጠጣዋል።» አጥኚዎቹም የሚሉት ከዚህ አይርቅም። መውጫ የሌለው ሐይቅ ጨው ይሆናል፤ ሻላንና አብያታን አይቶ መፍረድ ነው። የሐዋሳ ውሃ ጨው ያልሆነው ከሥር በከርሰ ምድር እየሰረገ ስለሚወጣ ነው ብለው ያምናሉ። ዘጠና ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ውሃ ያለምንም ወንዝ መውጫ አግኝቷል። እኔ ከዚያ ጀልባ መውጫ አልነበረኝም።

ዳር ዳሩን ስንመለስ አንድ ሰፊ ሜዳ አሳየን። «ኳስ ሜዳ ነው» ልል ከንፈሬ ተከፍቶ ነበር፤ ባለቤቴ ጉልበቴን ያዘችው። ጉዱማሌ ነው። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ እዚያ ይከበራል፤ ቀኑን አያንቶ የሚባሉ አዋቂዎች ኮከብ አይተው ነው የሚቆርጡት። በ2008 ዩኔስኮ መዝግቦታል። በዓሉ ሲደርስ ቡርሳሜ አለ፣ ከእንሰት የሚሠራ፣ ቅቤና ወተት የሚጠጣ ምግብ። ሰውዬው ሲያወራ እትዬ ምራቃቸውን ዋጡና «ጾም ሲፈታ እንመጣለን፤ ሌላ ሰው ይዞን» አሉ።

ጉማሬም አየን። ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ተደብቆ ስለሚውል የሚታየው ጆሮውና አፍንጫው ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ፎቶ አነሳሁና ማታ ፌስቡክ ላይ «ከጉማሬ ጋር ፊት ለፊት» ብዬ ለጠፍኩት። መጀመሪያ የጻፈልኝ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ጉማሬ ሳይሆን ጎማ ነው።» አርባ ሰው ሳቀበት። ላይፍ ጃኬቱን ለብሼ ምሳ እንደበላሁ ያስተዋልኩት ደግሞ ባለጀልባው ጃኬቱን ፍለጋ ምግብ ቤቱ ድረስ ሲመጣ ነው።

በማግስቱ ታቦር ተራራ ወጣን። ወጣን ልበል እንጂ የወጡት እነሱ ናቸው። እኔ ወገቡ ላይ «ከዚህ ነው ፎቶ የሚያምረው» ብዬ ድንጋይ ላይ ቀረሁ። ከንጋት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሱት እትዬ በላስቲክ ጫማ አናቱ ላይ ደርሰው ሲመለሱ ፎቶ ላይ ነበርኩ። ከላይ ከተማውም ሐይቁም አንድ ላይ ይታያል አሉኝ። አምናቸዋለሁ።

ከቅዳሴ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የመጨረሻ ዕድሌ መጣ። እትዬ ሊበሉ ነው። «የጾም ምግብ የሚሠራ አንድ የታወቀ ቤት አውቃለሁ» አልኩ። የሐዋሳ መንገድ ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፍ አለው፤ ሰው የሚጠፋበት ከተማ አይደለም። ፒያሳን አለፍን፣ አረብ ሰፈርን አለፍን፣ ሰው መጠየቅ ስለማልወድ ፒያሳን ደግመን አለፍን። አንድ ባጃጅ ነጂ «አሁንም ናችሁ?» ብሎ ሰላም አለን። ዝናቡ የጀመረው ያኔ ነው። የነበረን ዣንጥላ አንድ ነው፤ እሱም ገብርኤል ነው ያለው።

ሮጠን የገባንበት ሆቴል የምሰበሰብበት ሆቴል ሆኖ ተገኘ። አዳራሹ በሩ ክፍት ነው፣ ባዶ ነው፣ መጋረጃው ከዳር እስከ ዳር ተሰብስቧል። ግድግዳ የሚመስለኝ የነበረው ሁሉ መስኮት ነው። ሐይቁ እዚያው ነበር፣ በሙሉ።

«ጋሼ!» አለ አስተናጋጁ። «ስብሰባ አለ እንዴ? አልነገሩንም እኮ።»

«የለም፣ ቤተሰብ ነው።»

«አሃ።» ወንበር እየሳበላቸው እትዬን ያጫውታቸው ጀመር። «ጋሼ እኮ ቤተኛችን ናቸው። ሁልጊዜ ከኋላ፣ ምሰሶው ጋ ነው የሚቀመጡት። ሻይ ሲደርስ እኛ ነን የምንቀሰቅሳቸው።»

«ሐይቁንስ ያዩታል?» አሉ እትዬ።

ልጁ አሰበ። ሐቀኛ ልጅ ነው። «አንድ ጊዜ ስልክ ሊያናግሩ ወጥተው ነበር።»

በየዓይነቱ መጣ፣ ሽሮው እየፈላ መጣ፣ አቮካዶ ጁሱ ማንኪያ የሚያቆም ሆኖ መጣ። እትዬ አማትበው፣ ቀስ ብለው፣ ሁሉንም በሉ፤ በሐዋሳ ቆይታችን ትክክለኛ ምግብ ያበላኋቸው ሳላስበው ነው። ሒሳቡ ሲመጣ እጄ ኪሴ ሳይገባ በፊት አፌ ተከፈተ።

«ደረሰኝ ይኑረው።»

«በማን ስም ልቁረጠው፣ ጋሼ?»

የመሥሪያ ቤቴን ስም ግማሽ ድረስ ጠርቼዋለሁ። እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ልጁ ዞሩ።

«በራሱ ስም ቁረጥለት» አሉ። «ፊደሉን ደግሞ ጠይቀው። ከዚህ በፊት ጽፋችሁት አታውቁም።»